ሩቅ የሚያየው ካሜራና በጭላንጭል የሚያየው ካሜራ



ዛሬ የምንጨዋወተው ስለ አንድ ዕቃ ነው። ዕቃው ካሜራ ነው። «ለካሜራ ደግሞ አንድ ሙሉ ዓምድ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ይኸው ዕቃ በእኛ ቤት ሁለት ምሽት ሙሉ አከራክሮን፣ አባትና ልጅን ሊያኮራርፍ ጥቂት ቀርቶት ስላየሁ፣ ነገሩ በሌላውም ቤት ሳይኖር አይቀርም በማለት ልጽፍላችሁ ተነሣሁ።

ጉዳዩ የመጣው ከጂዳ ነው። እዚያ በሥራ ላይ ያለችው ታናሽ እህታችን ለዒድ ወደ አገር ቤት ልትመጣ ስትዘጋጅ ስልክ ደወለች። «ጋሼ፣ ለቤተሰቡ አንድ ደህና ካሜራ ይዤ ልመጣ አስቤአለሁ። ገንዘቤ ግን ለአንድ ብቻ ነው የሚበቃው። የትኛው እንደሚሻል ተመካከሩና ንገሩኝ» አለችኝ። እሷ ምክክር የምትለው ከሩቅ ሆና ነው። በእኛ ቤት ምክክር ማለት ሁለቱ አንድ ላይ ሲናገሩ ሦስተኛው ሻይ ሲቀዳ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሐዋሳ የባዮሎጂ መምህር ነው። ተማሪዎቹን ሐይቁ ዳር ይወስድና ወፍ ያስቆጥራቸዋል፤ ስም ያስጠናቸዋል። ያን ሰሞን ለዕረፍት እኛ ዘንድ መጥቶ ስለነበር የእህታችንን ቃል ገና ሳልጨርስለት «ባለ ረጅሙ ዙም ነዋ! ምን ምክክር ያስፈልገዋል?» አለ። ልጁ ግን ለትምህርት እኔ ዘንድ ነው የምትኖረው። በትርፍ ጊዜዋ በሠርግ ቤት በሴቶቹ ክፍል ፎቶ ማንሣት ከጀመረች አንድ ዓመት አልፏታል። የምታነሣው በተውሶ ካሜራ ነው። እሷ ደግሞ ቀስ ብላ፣ «አባባ፣ ሌንሱ የሚቀያየረው ይሻላል» አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሻዩን የቀዳሁት እኔ ስለሆንኩ በደንብ አስታውሳለሁ።

ለማያውቀው አንባቢ ሁለቱን ላስተዋውቅ። የመጀመሪያው ሌንሱ ከአካሉ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ፣ የማይነቀል ካሜራ ነው። ቁልፉን ሲገፉት ሌንሱ እንደ ኤሊ አንገት እየወጣ ሩቁን ያቀርባል። የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኒኮን ፒ900 ሲሆን፣ ከሰፊው ዕይታ እስከ ጠባቡ 83 እጥፍ ይጎትታል። በ2018 የወጣው ታላቅ ወንድሙ ፒ1000 ደግሞ 125 እጥፍ ደርሷል። የካኖን ኤስኤክስ70 በዚያው ዓመት በ65 እጥፍ ወጣ። አንድ ዕቃ፣ አንድ ቦርሳ፤ ከዚያ ወዲያ የሚገዛ ነገር የለም። ሁለተኛው አካሉ ለብቻ፣ ሌንሱ ለብቻ የሚሸጥ ነው። ለጠባብ ክፍል አንድ ሌንስ፣ ለፊት ሌላ፣ ለሩቅ ደግሞ ሌላ ይገጠምለታል። ከእነዚህ ውስጥ የቀድሞዎቹ በውስጣቸው መስተዋት ያላቸው ሲሆኑ፣ የአሁኖቹ መስተዋት አልባ ናቸው።

እንግዲህ ሚዛኑን ከማሳየቴ በፊት ስለ አንድ ቀንና ስለ ሁለት ፎቶዎች ልንገራችሁ።

ቀኑ መስከረም 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የዋለው ዒድ አል-አድሓ ነው። ዘመን መለወጫ በዋለ ማግስት መሆኑ ነው። አንድ ጓደኛዬ ረጅም ዙም ያለውን ካሜራውን አውሶኝ ነበር። በአዲስ አበባ ስታዲየም ሶላቱም ኹጥባውም አብቅቶ ሕዝቡ «ዒድ ሙባረክ» እየተባባለ ሲተቃቀፍ፣ እኔ «ከማን አንሼ» በሚባለው በኩል ወደ ላይ ወጣሁ። አባታችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ታች ሜዳው ላይ መስገጃቸውን በክንዳቸው አድርገው ከአንድ የድሮ ጎረቤታቸው ጋር ተቃቅፈው ነበር። በመካከላችን መቶ ሜትር ያህል ርቀት፣ በርቀቱም ውስጥ የሰው ባሕር አለ። ዙሙን ስገፋው አባታችን ፊት ለፊቴ ከች አሉ። ፀሐይ በጎን በኩል መትታቸው፣ የነጭ ጺማቸው እያንዳንዱ ፀጉር ተለይቶ፣ በዓይናቸው ጠርዝ ያለው እርጥበት ሳይቀር ይታያል። እንደሚነሡ አያውቁም ነበርና ፊታቸው የራሳቸው ፊት ነው። ያ ፎቶ ዛሬም በእናታችን ክፍል ተሰቅሏል።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ፤ መብራትም ሄደ። አባታችን ሳሎን በመስኮቱ አጠገብ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው፣ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረችውን ይህችኑ የወንድሜን ልጅ ቴምር ያጎርሷታል። እሷም መልሳ ታጎርሳቸዋለች። በዚያው ካሜራ ደጋግሜ አነሣኋቸው። ማታ መብራት ሲመጣ ሁሉንም አየኋቸው። የአባታችን ጺም የቀለጠ ቅቤ መስሏል። የልጅቱ ፊት ውኃ እንደፈሰሰበት ሥዕል ነው፤ ዓይንም አፍም በግምት ካልሆነ አይለይም። ከዚያ ዒድ በኋላ አባታችን ሌላ ዒድ አልደረሱም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያሳይ ፎቶ ደግሞ ከዚያ ሌላ የለንም።

ልብ በሉ፤ ሁለቱም ፎቶዎች የተነሡት በአንድ ቀን፣ በአንድ ካሜራ፣ በአንድ እጅ ነው። ለብዙ ጊዜ ጥፋቱን በእጄ መንቀጥቀጥ ሳሳብብ ኖሬአለሁ። እርግጥ እጄም ድርሻ አለው። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው።

ካሜራ የብርሃን ማጠራቀሚያ ነው። ይህን ነገር ከሁሉ በፊት በጥንቃቄ ከመረመሩት ሰዎች አንዱ በ965 ገደማ በበስራ ተወልዶ በካይሮ የሠራው ኢብን አል-ሀይሠም ነው። ብርሃን ከዕቃው ወደ ዓይን እንደሚመጣ ያስረዳበት «ኪታብ አል-መናዚር» በሰፊው የታወቀ ነው። ስለ ፀሐይ ግርዶሽ በጻፈው ሌላ መጽሐፉም የተሸፈነችው ፀሐይ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ የጨረቃ ቅርጽ እንደሚይዝ፣ ቀዳዳው ሲሰፋ ግን ቅርጹ እየጠፋ እንደሚሄድ መርምሮአል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት በአገራችን በታየው ግርዶሽ ከዛፍ ሥር የቆመ ሰው በቅጠሎቹ መካከል ሾልኮ መሬት ላይ የወደቀውን የማጭድ ቅርጽ ያለው ብርሃን አይቶ ይሆናል። ነገሩ ያው ነው። ጠባብ ቀዳዳ ምስልን ያጠራል፤ ብርሃንን ግን ይነፍጋል። ሰፊ ቀዳዳ ብርሃን ያስገባል፤ ምስሉን ያደበዝዛል። ሌንስ እነዚህን ሁለቱን የሚያስታርቅ መስታወት ነው።

ከሌንሱ ጀርባ ብርሃኑን የሚቀበለው፣ በጥንቱ ካሜራ የፊልሙን ቦታ የያዘው ነገር ሴንሰር ይባላል። በእነ ፒ900 ውስጥ ያለው ሴንሰር ወርዱ 6 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 4 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከአንድ ምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ሌንሳቸው በሚቀያየረው በብዙዎቹ የካኖን ካሜራዎች ውስጥ ያለው ደግሞ 22 በ15 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስፋታቸው ሲነጻጸር ትልቁ የትንሹ 12 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ዝናብ ሲዘንብ ደጅ ላይ ስኒና ሳፋ ብናስቀምጥ ሁለቱም በአንድ ደቂቃ ውስጥ እኩል ውኃ አይዙም። ፀሐይ ባለበት ሜዳ ስኒውም ሞልቶ ይተርፋል። መብራት በሄደበት ሳሎን ግን ስኒው ውስጥ የሚንጠባጠበው ጥቂት ነው። ካሜራው ያችን ጥቂት በግድ ሲያጎላት አብሮ ነጠብጣብ ይጎላል፤ ነጠብጣቡን ለማጥፋት ሲያሽ ደግሞ ጺሙንም አብሮ ያሸዋል። የእኛ ቅቤ የቀለጠው በዚህ ምክንያት ነው።

«ታዲያ ፋብሪካዎቹ ለምን ትልቅ ሴንሰር አያደርጉበትም?» ብሎ ወንድሜ ጠየቀ። ጥያቄው የመምህር ጥያቄ ነው። መልሱም በሒሳብ ይገኛል። የፒ900 ሌንስ እውነተኛ የትኩረት ርዝመት 357 ሚሊ ሜትር ነው። ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ብቻ በጥንቱ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ሚዛን እንደ 2000 ሚሊ ሜትር ሆኖ ያያል። ይህንኑ ዕይታ በፊልሙ ልክ በሆነ ሴንሰር ላይ በዚያው የብርሃን መጠን ለማግኘት የሁለት ሜትር የትኩረት ርዝመት፣ ከፊቱም 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ያስፈልግ ነበር። ያንን የሚሸከመው አህያ ነው። ፒ900 ግን 900 ግራም ገደማ ነው፤ ሰው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ይሄዳል። እንግዲህ ትንሹ ሴንሰር ማታለያ ሳይሆን ሩቅ ለማየት የተከፈለ ዋጋ ነው። ዋጋው የሚታወቀው ሲመሽ ብቻ ነው።

ወንድሜ ይህን ሰምቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም። ጨረቃን አነሣ። በዚህስ እውነት አለው። የጨረቃ ስፋት በሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው። በ2000 ሚሊ ሜትር ዕይታ ሙሉ ጨረቃ ከፎቶው ቁመት ሦስት አራተኛውን ያህል ትይዛለች፤ ጉድጓዶቿ ይቆጠራሉ። በ3000 ሚሊ ሜትር ከፎቶው ቁመት አልፋ ትወጣለች። ሌንሱ በሚቀያየረው ካሜራ ላይ የተለመደው ርካሽ የሩቅ ሌንስ 250 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በእሱ ጨረቃ የፎቶውን ቁመት አንድ ሰባተኛ ያህል ብቻ ነው የምትይዘው። እንደ አንዲት የሽምብራ ፍሬ! ለዚህ ነው በሻዕባን መጨረሻ ሂላል ለማየት ኮረብታ የሚወጡ ወጣቶች ባለ ረጅም ዙሙን የሚወዱት። በካሜራ የታየ ሂላል ስላለው ብይን የሚናገሩት ዑለማዎች ናቸውና እኔ አልገባበትም። ሁለት ነገር ብቻ ላሳስብ። አንደኛ፣ በዚያ ሁሉ ዙም ሰማይን መፈለግ በሸምበቆ ቀዳዳ እንደማየት ነው፤ በቅድሚያ ቦታውን ያላወቀ ሰው ጨረቃዋ ጠልቃ እስክትሄድ ባዶ ሰማይ ሲቃኝ ይመሻል። ሁለተኛውና ከባዱ፣ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትጠልቅ ካሜራውን ወደዚያ አታዙሩ። ሴንሰሩ ይቃጠላል። ባለ መስተዋቱ ከሆነ ደግሞ ብርሃኑ በማያው በኩል በቀጥታ ስለሚመጣ ዓይን ያጠፋል።

ስለ ሐይቁም እንዲሁ። ረጅም ዙም ርቀትን እንጂ አየርን አያሸንፍም። በቀትር በሐይቅ ላይ የሚነሣው ሙቀት ምስሉን እንደ ድስት እንፋሎት ያወዛውዘዋል፤ ይህን ምንም ሌንስ አያድነውም። ወንድሜ ራሱ ተማሪዎቹን ከፀሐይ መውጫ በፊት የሚያስነሣቸው ወፎቹ ስለሚነቁ ብቻ ሳይሆን አየሩ ስለሚረጋም ጭምር ነው።

እዚህ ላይ «ስልክ አለን አይደል? ምን ያጣላችኋል?» የሚሉ ይኖራሉ። ስልክ በብርሃን ጥሩ ያነሣል። በጨለማም ቢሆን ብዙ ፎቶ በአንድ ጊዜ ወስዶ አንድ ላይ በመደመር ያሳምራል፤ የሚነሣው ሰው ካልተንቀሳቀሰ ማለት ነው። በሠርግ ቤት ማን ቁጭ ይላል? ይህን ስናነሣ ልጅቱ እኔ ያላሰብኩትን ነገር ተናገረች። «አጎቴ፣ በስልክ የተነሣ ፎቶ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃሉ? ብዙው ስልክ ሰው ሳያዘው ፎቶውን ወደ ኢንተርኔት ማስቀመጫ ይልከዋል። ሙሽራዋ ሒጃቧን አውልቃ በእህቶቿ መካከል የተነሣችው ፎቶ እዚያ እንዲሄድ የምትፈቅድ ይመስልዎታል?» አለችኝ። እሷ የምታደርገው እንዲህ ነው። ሙሽራዋ አዲስ ካርድ ትገዛለች። ልጅቱ በዚያ ታነሣለች። ሠርጉ ሲያበቃ ካርዱን በሙሽራዋ እጅ ታስረክባለች። በእሷ ዘንድ አንድም አይቀርም። ወላጆች የሚፈልጓት በፎቶዋ ማማር ሳይሆን በዚህ አማና ነው። (ስለ ፎቶ ከመሠረቱ ዑለማዎች የሰጡት ቃል ሰፊ ነው፤ በአካባቢያችሁ ያሉትን ጠይቁ። እኔ የማወራው ፎቶ ማንሣት ስለተፈቀደበት ቤት ነው።)

አሁን ወደ ሠርግ ቤቱ እንግባ። የሴቶቹ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ጠባብ ነው፤ መጋረጃው ተጋርዷል፤ አንድ አምፖል አለ፤ የዕጣኑ ጢስ ደግሞ በላይ በላዩ። ሩቅ የሚባል ነገር የለም፤ ሩቋ ሴት አራት ሜትር ላይ ናት። በዚህ ክፍል 83 እጥፍ ዙም ያለው ሰው ጎራዴ ይዞ ወጥ ቤት የገባ ሰው ነው።

ይሁንና ሌንሱ የሚቀያየረውን የገዛ ሁሉ በጨለማ ያያል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከካሜራው ጋር በአንድ ካርቶን የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚለው ሌንስ ወደ ፊት ሲጎተት ቀዳዳው እስከ ኤፍ 5.6 ይጠብባል። (ይህ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ግልባጭ መሆኑን ልብ በሉ።) ዙም የሌለው የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል። ልዩነቱ ቀላል አይምሰላችሁ፤ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ነው። የካኖኑ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው 160 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ በአሜሪካም ሲወጣ ዋጋው 125 ዶላር ነበር። ስለዚህ ካሜራውን ገዝቶ በካርቶኑ ሌንስ ብቻ የሚቀር ሰው፣ ትልቁን ሳፋ ገዝቶ በክዳኑ ቀዳዳ ውኃ የሚያጠራቅም ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ባለ ረጅም ዙሙ ይሻለው ነበር ባይ ነኝ።

50 ደግሞ በእነዚህ ካሜራዎች ላይ ለፊት እንጂ ለክፍል አይሆንም፤ ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል። ለክፍሉ የ24 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2.8 የሆነች፣ እንደ ብስኩት የጠፈጠፈች ሌንስ አለች። በዚያ ላይ ብልጭታውን ወደ ነጭ ኮርኒስ አዙሮ ማንጸባረቅ የሚያስችል ፍላሽ ሲጨመር ፊት እንደ ተላጠ ድንች ሳይነጣ ያምራል። ከባለ ረጅም ዙሞቹ ብዙዎቹ ይህን ፍላሽ የሚሰኩበት ቦታ እንኳ የላቸውም።

በሁለተኛው ምሽት ወንድሜ አስታራቂ ሐሳብ ይዞ መጣ። በመካከል ያለ ካሜራ አለ አለ። እውነት ነው፤ አለ። እንደ ፓናሶኒክ ኤፍዜድ1000 (2014) እና እንደ ሶኒ አርኤክስ10 አራተኛው (2017) ያሉት ሌንሳቸው አይነቀልም፤ ሴንሰራቸው ግን ከምስሩ ሴንሰር አራት እጥፍ ይሰፋል። የመጀመሪያው እስከ 400፣ ሁለተኛው እስከ 600 ሚሊ ሜትር ዕይታ ይጎትታሉ፤ ቀዳዳቸውም እስከ መጨረሻው ከኤፍ 4 አይጠብብም። ካሜራን እንደ ሙያ ሳይሆን እንደ ቤት ዕቃ ለሚፈልግ ቤተሰብ፣ ለልጆች ጨዋታም፣ ለዒድም፣ ለጉዞም የትኛውን ልግዛ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው የምመርጥለት ይህን ዓይነቱን ነው። ችግሩ ዋጋው ነው፤ ሶኒው ሲወጣ 1,700 ዶላር ነበር። በዚያ ላይ ልጅቱ እንዳሰላችው ከ50 ሚሊ ሜትሩ ሌንስና ከትልቁ ሴንሰር ጋር ሲወዳደር የሚሰበስበው ብርሃን ሲበዛ አንድ ሰባተኛ ገደማ ነው።

ይህን ካለች በኋላ ተነሥታ ወደ እናታችን ክፍል ሄደችና አንድ ፖስታ ይዛ ተመለሰች። ያን ፎቶ ነው ያመጣችው፤ የቴምሩን። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና፣ «አባባ፣ ይህች እኔ ነኝ። ፊቴ የት አለ? ባለፈው በተውሶው ካሜራ አንዲትን ሙሽራ እንዲሁ አድርጌ ነው የመለስኳት። እናቷ ምንም አላሉኝም፤ ጀዛኪላህ ብለው ነው የሸኙኝ። እኔ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም። ኒካሕ ድጋሚ የለውም» አለች።

ወንድሜ ፎቶውን አንሥቶ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ለእኔ፣ «ጋሼ፣ ለእህታችን ደውልላት» አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም።

ስደውል ያልኳትን እዚህ ብጽፍ ለሌላም ይጠቅማል። ያገለገለ ካኖን ባለ መስተዋት ፈልጊ አልኳት። ካኖንም ኒኮንም ፊታቸውን ወደ መስተዋት አልባው ስላዞሩ የቀድሞዎቹ ረክሰዋል፤ ሥራቸው ግን አልረከሰም። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመረው የሌንስ አገጣጠም በእነዚህ ሁሉ ላይ ይሠራል፤ ወደፊት መስተዋት አልባ ሲገዛም በማገናኛ ቀለበት ይገጥማል። ዓይነቱ ኤም የተባለውን ግን ተዪው፤ ትንሽና ቆንጆ ነው፤ ነገር ግን ካኖን እ.ኤ.አ. በ2023 ስላቆመው የአዲሶቹ ሌንሶች አይገጥሙለትም። ኒኮን የምትገዢ ከሆነ ደግሞ ርካሾቹ የ3000ና የ5000 ተከታታዮች በአካላቸው ውስጥ ሞተር ስለሌላቸው ከድሮዎቹ ሌንሶች ብዙዎቹ በእጅ ካልሆነ አያጠሩም። ሌንሱን ወደ መብራት አቅንተሽ በውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካየሽ ሻጋታ ነውና ጥለሽው ውጪ። ባትሪ ሁለት ይሁን። የቻርጀሩ ሶኬት የእነሱ ባለ ሦስት ጥርስ፣ የእኛ ባለ ሁለት ክብ ነውና መለወጫውን አትርሺ። ስለ አቧራ ደግሞ ልጅቱን መክሬአለሁ፤ ሌንስ የሚቀየረው መንገድ ላይ ሳይሆን በቤት ውስጥ፣ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ ነው። ባለ ረጅም ዙሙ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ነገር ግን ሲወጣና ሲገባ አቧራ ከሳበ ማንም በቀላሉ አይጠርገውም።

እህታችን ዒድ ሲቀረው አራት ቀን ገባች። ካሜራው፣ ሁለቱ ሌንሶችና ፍላሹ በልብስ ተጠቅልለው ሻንጣ ውስጥ ነበሩ። ልጅቱ እስካሁን ሦስት ሠርግ ሠርታበታለች። ፎቶዎቹን ግን ልነግራችሁ አልችልም፤ አላየኋቸውም፤ ላይም አይገባኝም። የአንደኛዋ ሙሽራ እናት ለቀጣዩ ልጃቸው ሠርግ ከወዲሁ እንደያዟት ብቻ ነው የማውቀው። ገቢዋን የምታጠራቅመው ለ250 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ነው፤ ለአባቷ።

ወንድሜ እሱን እስኪያገኝ መጠበቅ አልቻለም። ካሜራውን ከ50 ሚሊ ሜትሩ ጋር ለአንድ ሳምንት ተውሶ ሐዋሳ ወሰደው። ከዚያ ሁለት ፎቶ ላከልን። አንዱ በአሣ ገበያው ዙሪያ ከሰው ጋር ተቀላቅለው የሚቆሙት የአባ ኮዳዎች ነው። እነሱ ሰው አይፈሩምና ሦስት ሜትር ያህል ተጠግቶ አንሥቷል፤ በራ ራሱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ፀጉር ይቆጠራል። ሁለተኛው ሰማይ፣ ሐይቅና ከማዶ ያለ ዛፍ ነው። ከሥሩ «ዛፉ ላይ ዓሣ በሉ ንስር አለ፤ ፈልጉት» የሚል ጽፎበታል። እናታችን መነጽራቸውን አድርገው፣ ልጅቱም በስልኳ እያጎላች፣ እስካሁን እየፈለግን ነው።